በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ማን ነው?

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ባልና ሚስት ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ። እዚህ አሜሪካ ረጅም ዓመት የኖሩ፣ ልጅ በማጣት ብዙ ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ በሐኪም ርዳታ፣ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ በሚጀመርበት መንገድ፣ ወንድ ልጅ አግኝተዋል፤ ልጁ በዚያች ሰዓት በግቢው ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጥ ነበር። ወረቀቱ ከክሊኒክ የመጣ ቅጽ ነው። ከልጁ ጋር በአንድ ጊዜ የተፀነሱ አምስት ሽሎች በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል። ቅጹ ምን ይደረጉ ብሎ ይጠይቃል፦ ኪራይ እየተከፈለ ይቆዩ፣ ይወገዱ፣ ልጅ ላጣ ሌላ ቤተሰብ ይሰጡ፣ ወይስ ለስቴም ሴል ምርምር ይዋሉ? በአንዱ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ መፈረም ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ ለምርምሩ ብንሰጣቸውስ?» አለችኝ ሚስትየዋ። «ከሚጣሉ አንድ በሽተኛ ቢድንባቸው አይሻልም?»

ጥያቄው ከደግ ልብ የወጣ ነው። ስለዚህ ቆሜ ልመልሰው አልፈለግሁም፤ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ያን ቀን የተነጋገርነውን እዚህ ሰፋ አድርጌ አስተምራለሁ፤ ይህ ቅጽ የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ገብቷልና። ሕክምናው አገር ቤትም ስለተጀመረ ጥያቄው የውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። የሰውነታችን ሕዋሳት አብዛኞቹ ሥራቸው የተቆረጠላቸው ናቸው፤ የልብ ሕዋስ ልብ ነው፣ ተነሥቶ ጉበት አይሆንም። ስቴም ሴል ግን ራሱን እያባዛ የሚኖር፣ ሲያስፈልግም ሥራው ወደ ተለየ ሕዋስ የሚለወጥ ነው። አንዳንዶች በአማርኛ «ግንደ ሕዋስ» ይሉታል፤ ቅርንጫፍ ከግንድ እንደሚወጣ ሌሎቹ ሕዋሳት ከእርሱ ይወጣሉና ስያሜው ደስ ይለኛል። በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ደም ይሠራሉ። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ስለሚሞት፣ እነርሱ ሌት ተቀን ባይሠሩልን ማናችንም ለአንድ ዓመት አንዘልቅም ነበር። ይህን በሙከራ ያሳዩት ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ በአይጦች ላይ ሠርተው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ደግሞ የመቅኔን ንቅለ ተከላ ለደም ካንሰር በሽተኞች መድኃኒት አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል ተሸለመበት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ምእመናን «ስቴም ሴል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ቤተ ክርስቲያን ከስቴም ሴል ጋር ጠብ የላትም። ወንድም ለወንድሙ መቅኔውን ሲሰጥ ሰጪው በሕይወት ይኖራል፤ መቅኔውም መልሶ ይተካል። ይህ የፍቅር ሥራ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን አገራችንን ስንጠራ «እትብቴ የተቀበረባት» እንላለን። በዚያ በምንቀብረው እትብት ውስጥ የቀረው ደም በእነዚህ ሕዋሳት የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል ከባድ የደም በሽታ ለነበረበት ሕፃን አዲስ የተወለደች እኅቱን የእትብት ደም ሰጥታ አዳነችው። እኅቲቱ ምንም አልጎደለባትም። እንዲህ ያለው ምርምር ይበርታ፣ ገንዘባችንም ጸሎታችንም ይታከልበት እላለሁ።

ጠቡ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቶምሰን ከሰው ሽል የተገኙ ግንደ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ማኖር መቻሉን አሳወቀ። ሽሉ የአምስት ቀን ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ክብ ነገር ነው። የጤፍ ቅንጣት ከእርሱ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ከውጭ ያሉት ሕዋሳት ኋላ እንግዴ ልጅ ይሆናሉ፤ ከውስጥ ያሉት የልጁን አካል ይሠራሉ። ተመራማሪው የሚፈልገው የውስጦቹን ነው፤ የማንኛውም የሰውነት ክፍል ሕዋስ ከእነርሱ ሊወጣ ይችላልና። ነገር ግን እነርሱን ለማውጣት ሽሉ ይፈርሳል። የመቅኔ ሰጪ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህኛው ሰጪ አይነሣም፤ መስጠት አለመስጠቱንም የጠየቀው የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ቃል ይጠቀለላል፦ የሚፈርሰው «ምን» ነው ወይስ «ማን»?

ከሕክምናው ልጀምር። ከእናት 23፣ ከአባት 23 ክሮሞሶሞች ተገናኝተው 46 ሲሆኑ፣ ከዚያች ሰዓት በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ አዲስ ፍጡር ይጀምራል። የእናቱ አካል ክፍል አይደለም፤ የራሱ ዘረመል አለው፣ ብዙ ጊዜም የደሙ ዓይነት ከእርሷ ይለያል። ከዚያ በኋላ ምግብና ጊዜ እንጂ ምንነቱን የሚለውጥ ነገር ከውጭ አይጨመርለትም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዤን ይህን በፍርድ አደባባይ ቆሞ መስክሯል። ለዤን ከባልደረቦቹ ከማርት ጎቲየና ከሬሞን ቱርፓን ጋር፣ ዳውን ሲንድረም በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ትርፍ በመገኘቱ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳወቀ ሳይንቲስት ነው። አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። እነዚያን ሕፃናት ለማከም ብሎ የደከመበት ግኝት፣ ከመወለዳቸው በፊት እየለዩ ለማስወገድ ሲውል አይቶ እስከ ዕለተ ሞቱ አዝኗል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት የተፋቱ ባልና ሚስት በሰባት የቀዘቀዙ ሽሎች ተካሰሱ፤ ለዤን ከፓሪስ መጥቶ፣ በማቀዝቀዣው ያሉት ገና በጣም ትንንሽ የሆኑ ሰዎች ናቸው ብሎ መሰከረ። የመጀመሪያው ዳኛ ተቀበለው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ሽሎቹ ሰዎችም ንብረትም አይደሉም፣ ልዩ ክብር የሚገባቸው መካከለኛ ናቸው ሲል ወሰነ። ይህን ውሳኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በመጨረሻ የተወገደ ነገር ምን ዓይነት ልዩ ክብር እንዳገኘ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሕክምናው እስከዚህ ያደርሰናል፤ ሕይወት ያለው የሰው ዘር መሆኑን ይነግረናል። ክቡር ስለመሆኑ ግን ማይክሮስኮፕ አይናገርም። ያን የምንማረው ከእምነታችን ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን ሲናገር መልኩን ከጉልበቱ፣ ከዕውቀቱ ወይም ከዕድሜው ጋር አላያያዘውም። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 138 (በሌላው አቆጣጠር 139) አካሉ ገና ሳይሠራ የእግዚአብሔር ዓይን እንዳየው ይዘምራል። ኤርምያስም በማሕፀን ሳይሠራ በፊት መታወቁን ይሰማል። እነዚህን ጥቅሶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እኔን የበለጠ የሚይዘኝ ግን የበዓላችን አቆጣጠር ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29 ቀን የጌታን ፅንሰት ታከብራለች፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቆጥራ ታኅሣሥ 29 ልደቱን ታከብራለች። የእመቤታችን ፅንሰት ነሐሴ 7፣ ልደቷ ግንቦት 1 ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ ፅንሰት መስከረም 26፣ ልደቱ ሰኔ 30። አባቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው፣ የሰው ታሪክ የሚጀመረው ከልደት እንዳልሆነ በቀን መቁጠሪያቸው ጽፈው አስቀመጡልን። ተዋሕዶ ብለን የምናምነውም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ቃል ሥጋን ከነፍስ ጋር የተዋሐደው በብሥራቱ ሰዓት በእመቤታችን ማሕፀን ነው፤ አካሉ እስኪሟላ የጠበቀበት ጊዜ የለም። ከብሥራቱ በኋላ እመቤታችን ፈጥና ወደ ይሁዳ ተራራማ አገር ሄደች። ኤልሳቤጥ የጌታዬ እናት ብላ ስትቀበላት በማሕፀኗ የነበረው ጌታ ገና የቀናት ዕድሜ ያለው ፅንስ ነበር። ለእርሱ የዘለለው ዮሐንስም የስድስት ወር ፅንስ ነው። ያልተወለደ ላልተወለደ ሰገደ።

አንዳንዱ «የጌታ ፅንሰት በመንፈስ ቅዱስ ነው፤ በእርሱ የእኛን መለካት አይቻልም» ሊል ይችላል። መልሱን የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ ሁለትና አራት ይሰጣል፤ ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ ወንድሞቹን መስሏልና። አፀናነሱ ከእኛ ይለያል፤ ያለፈበት ዕድሜ ግን የእኛው ነው። የአምስት ቀን ዕድሜን እርሱ ካለፈበት በኋላ «ምንም» ብዬ ልጠራው አልችልም።

አሁን አንድ ከባድ ቦታ ላይ መድረስ አለብን፤ ዘልለነው ብንሄድ ሐቀኛ መምህር አልሆንም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ነፍሰ ጡር ሴት ተመትታ ፅንሷ ስለሚወጣበት የተደነገገው ሕግ በዕብራይስጡና በሰባ ሊቃናት ትርጉም አንድ አይደለም። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ቅርጹ በተሟላና ባልተሟላ ፅንስ መካከል የቅጣት ልዩነት ያደርጋል። የጥንት ፈላስፎችም ነፍስ የምትገባው በአርባኛው ቀን ነው ይሉ ነበር፤ ከታላላቅ መምህራንም ይህን የተከተሉ አሉ። ስለዚህ «ክርስቲያኖች ሁሉ በዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበሩ» የሚላችሁ ታሪኩን አላነበበም። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። ልዩነቱ በቅጣቱ መጠን ላይ እንጂ በፈቃድ ላይ አልነበረም፤ ያልተሟላውን ግደሉ ያለ አባት የለም። ደግሞም ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ ሲጽፍ፣ ፅንስ ስላስወረደች ሴት ሲፈርድ፣ ቅርጹ ተሟልቶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ምርመራ እንደማይቀበል ገልጿል። ዕድሜ እየለካ የሚቀንስ ክብር እርሱ አያውቅም።

የዛሬዎቹ ፈላስፎች አርባውን ቀን ወደ አሥራ አራት አውርደውታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ ከ14ኛው ቀን በኋላ በሽል ላይ ምርምር እንዳይደረግ መከረ፤ በ1990 ሕግ ሆነ። ምክንያታቸው በዚያ ሰሞን የጀርባው መሥመር ብቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሽሉ ለሁለት ተከፍሎ መንታ አይሆንም የሚል ነው። እኔ ግን አንዱ ሁለት ሊሆን መቻሉ አስቀድሞ አንድ እንኳ እንዳልነበረ እንዴት ያስረዳል? ብዬ እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ያሰመረው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ያሰመረውን ኮሚቴ ያነሣዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ተመራማሪዎች ማኅበር የ14 ቀኑን ገደብ ከፍጹም ክልከላዎቹ ዝርዝር አውጥቶታል። «በተፈጥሮም ብዙ ሽሎች ሳይጸኑ ይወርዳሉ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። በድርቅ ዘመን ብዙ ሕፃናት አልቀውብናል፤ ይህ ግን በሕፃን ላይ እጅ የማንሣት ፈቃድ ለማንም አልሰጠም።

«የሚጣሉ ናቸው» የሚለው ግን የሚስትየዋ ጥያቄ ነውና ቀስ ብለን እንየው። የሞት ፍርድ የተፈረደበት ሰው ነገ መሞቱ ዛሬ ልቡን አውጥቼ እንድወስድ አያስችለኝም። ሊሞት የተቃረበ በሽተኛም በአልጋው ላይ ሳለ ንብረቴ አይሆንም። «የተረፈ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳዝነኛል፤ እንጀራ ይተርፋል፣ ልጅ አይተርፍም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ክርስቲያናዊ የጉዲፈቻ ድርጅት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ሽሎች ወልደው ለማሳደግ ከሚፈልጉ ቤተሰቦች ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2006 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በሽሎች ላይ ለሚደረገው የስቴም ሴል ምርምር የመንግሥት ገንዘብ የሚያሰፋውን ረቂቅ ሕግ ሳይፈርሙ ሲመልሱ ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ በዋይት ሐውስ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነርሱም «የተረፉ» ነበሩ።

ከእኛ ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች በዚያ ክርክር ወቅት አንድ ስሕተት ሠርተዋል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። «የሽል ስቴም ሴል አንድም ሰው አላዳነም፤ የመቅኔው ግን አድኗል፤ ስለዚህ ይቅር» እያሉ ይከራከሩ ነበር። በጊዜው እውነት ነበር። ደቡብ ኮሪያዊው ኋንግ ዉ ሱክ ከተቀዳ የሰው ሽል ሕዋስ አወጣሁ ያለው ሥራ ሐሰት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ሲሰረዝ ደግሞ ብዙዎች እፎይ አሉ። ቀጥሎም የኪዮቶው ሺንያ ያማናካ በዚያው ዓመት የአይጥን፣ በ2007 የሰውን ተራ የቆዳ ሕዋስ አራት ዘረመሎች ጨምሮ ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሰው። ሽል ማፍረስ አላስፈለገም። በ2012 ከጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ያማናካ ይህን ፍለጋ እንዲጀምር ካነሣሡት ነገሮች አንዱን ራሱ ተናግሯል፤ በወዳጁ ክሊኒክ በማይክሮስኮፕ አንድ ሽል አይቶ በእርሱና በሴት ልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑ ተሰማው። ክርስቲያን ነኝ ብሎ የሰበከ ሰው አይደለም፤ ያየውን ግን አልካደም። ስለዚህ ግኝት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ዛሬ ከሽል በተገኙ ሕዋሳትም ለዓይን በሽታና ለፓርኪንሰን በሰዎች ላይ ሙከራ እየተደረገ ነው። ቢሳካስ? ነገ ዓይነ ስውር ቢያይበት ምን ልንል ነው? እምነታችንን «አይሠራም» በሚል ላይ ካቆምነው በዚያች ቀን አብሮ ይወድቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ ሦስት መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚለውን ሐሳብ ሲነቅፍ፣ መልካሙ አይመጣም አላለም። ሊመጣ ይችላል። ቢመጣም መንገዱን አያጸድቀውም። የታመመ ልጅ አባት ፊት ተቀምጬ ይህን ስናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ፤ ግን ሌላ የምለው የለኝም።

በዚህ የማይስማሙ ክርስቲያኖች አሉ። የሰው ዘረመል ፕሮጀክትን የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ አማኝ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገሩ ሐኪም ናቸው፤ ሆኖም የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋም በመሩበት ዘመን ከተረፉ ሽሎች በተገኙ ሕዋሳት ላይ የሚደረግ ምርምር በመንግሥት ገንዘብ ተደግፏል። ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ፤ እምነታቸውን ግን አልጠራጠርም። እናንተም የሚቃወማችሁን ሰው ነፍሰ ገዳይ እያላችሁ አትጥሩት።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ከራስዎ ስብ የተወሰደ ስቴም ሴል» እያሉ ጉልበትን፣ ዓይንን፣ ስኳር በሽታን ሁሉ እናድናለን የሚሉ ክሊኒኮች በየከተማው አሉ። ሽል ስላልፈረሰበት ብቻ ነገሩ ንጹሕ አይሆንም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከስባቸው የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው ብርሃናቸውን ማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሽተኛውን ማታለልም መልክአ እግዚአብሔርን መናቅ ነው። ቤታችሁን ሸጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሕክምናው መፈቀዱን፣ ውጤቱም መታተሙን ጠይቁ።

ቅዱስ ባስልዮስን አንሥቼ ነበርና ወደ እርሱ ልመለስ። ስለ ፅንስ ያን የመሰለ ጽኑ ቃል የጻፈው ያው አባት በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ትልቅ መጠለያና ሕክምና ቤት ሠርቷል። በአንድ እጁ «አይሆንም» አለ፤ በሌላው የታመመውን አጠበ። እኛ «አይሆንም» የሚለውን ብቻ ይዘን ከቀረን ቃላችንን ማንም አይሰማም። በአጥቢያችን ፓርኪንሰን የያዛቸው አረጋዊ ካሉ ማን ይጎበኛቸዋል? ከእናንተ መካከል በመቅኔ ሰጪነት የተመዘገበ ስንት ሰው አለ? የመቅኔ መጣጣም በአብዛኛው ከዘር ሐረግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ በሽተኛ የሚስማማው ሰጪ ከኢትዮጵያውያን መካከል የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። ምዝገባው የጉንጭን ውስጥ በጥጥ ማስነካት ብቻ ነው።

ባልና ሚስቱን ምን አልኳቸው? ለምርምርም ለማስወገድም በተዘጋጀው ሣጥን ላይ ምልክት አታድርጉ አልኳቸው። እናትየው ጤናዋ ከፈቀደ አንድ በአንድ ትሸከማቸው። ካልቻለች፣ ወልዶ ለሚያሳድጋቸው ቤተሰብ ይሰጡ። ከሁሉ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፤ ከማሕፀን ውጭ መፀነሱን ራሱን የማይቀበሉ አባቶች አሉ፣ ምክንያታቸውም ሊሰማ ይገባል። ባልየው ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ስንጀምር ይህን የነገረን የለም» አለ። ክሊኒኩ አልነገራቸውም። እኛ በቤተ ክርስቲያን ያለን ሐኪሞችና መምህራንም አልነገርናቸውም፤ የእኛ ጥፋት ይብሳል።

ስለዚህ ሕክምናውን ልትጀምሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስንት እንቁላል እንዲፀነስ እንደሚያደርግ ጠይቁት። ልትሸከሙ ከምትችሉት በላይ አንድም እንዳይፀነስ ንገሩት፤ በጽሑፍም አስፍሩት። የጀርመን ሕግ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዙር ወደ ማሕፀን ከሚገባው በላይ ሆን ብሎ ማፅነስን ይከለክላል፤ እናንተም በቤታችሁ ይህን ልትወስኑ ትችላላችሁ።